አራተኛው ገመድ

ቢቸና ውስጥ ጌም ቤት የከፈተች ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። "ሴት ልጅ ከጎረምሳ ጋር ተፋጥጣ ስትውል ደግ ነው?" ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ለሁሉም መልሴ አንድ ነበር፤ "አንተን ምን አገባህ?" እውነተኛውን መልስ ግን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ጌም ቤቱን የከፈትኩት ታናሽ ወንድሜ ሰው እንዳይገድልብኝ ነው።

አባታችን የሞተው በወሰን ነው። ከጎረቤቱ ጋር በአንድ የማሳ ድንበር ሲጨቃጨቁ ኖረው፣ በመጨረሻ በአጨዳ ቀን ተያያዙ። አባቴ በያዘው ማጭድ፣ ያ ሰው በጥይት። እኔ ቢቸና ዘመድ ቤት ተቀምጬ እማር ስለነበር ገዳዩን በመልክ አላውቀውም። ወንድሜም በእናቴ ጀርባ የሚታዘል ሕፃን ነበር። ሰውየው ተፈርዶበት ታሰረ፤ የእስር ጊዜውን ጨርሶ ሲወጣ ግን ወደ አገሩ አልተመለሰም። ሽማግሌ ደጋግሞ ላከብን። እናቴ ሽማግሌዎቹን ውኃ እንኳ ሳታቀምስ መለሰቻቸው። የላካቸው ሰው የት እንደገባም አልተናገሩም፤ ሽማግሌ እንዲህ ያለውን አይናገርም።

እናቴ ከሉን አላወለቀችም። አንዱ ነጠላ ሲያልቅ ሌላውን ጥቁር ታስነክራለች። እኔ ተምሬ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ሁላችንም ቢቸና አንድ ግቢ ስንገባ፣ ከዕቃው ሁሉ አስቀድማ ያስገባችው የአባቴን ጠመንጃ ነው። ከአልጋዋ ራስጌ ሰቀለችው። ወንድሜ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ የሰማው ቃል አንድ ነው፤ "ስታድግ።" ጢም ሲያወጣ ደግሞ ቃሉ ተለወጠ፤ "አደግህ እኮ።" ሲብስባት ጎረቤት እየሰማ "እኔስ ወንድ የወለድኩ መስሎኝ ነበር" ትለዋለች። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። እኔ ደሜ ይፈላል።

ቴክኒክና ሙያ የተማርኩት ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ የሬዲዮ፣ የቴሌቪዥን ጥገና። ከግቢያችን መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል ጠርጌ አንዲት አሮጌ ፕሌስቴሽንና ከኋላው ሆድ ያለው የድሮ ቴሌቪዥን አስገባሁ። ጆይስቲክ የያዘ እጅ ጠመንጃ አይዝም ብዬ ነው። እውነትም ሠራልኝ። ወንድሜ የድብድብ ጌም ወደደ። ጠዋት ይገባል፣ ስክሪኑ ላይ ሰው ሲደበድብ ይውላል፣ ሲመሽ ራቱን በልቶ ይተኛል። በከተማው የሚያሸንፈው ጠፋ። እናቴ በበሩ ስታልፍ "መጫወቻ አደረግሽው" ትለኛለች። "አዎ፣ አደረግሁት" እላታለሁ።

አንድ የገበያ ቀን ግን አንዱ ተሸናፊ አፉ አላርፍ አለው። "በጌም ነው እንጂ" አለ እየሳቀ፣ "በውኑማ ያባትህ ገዳይ በሰላም ሻዩን ይጠጣል።" ወንድሜ በርጩማውን አንሥቶ ወረወረ። ልጁ ጎንበስ አለና በርጩማው ቴሌቪዥኑን አገኘው። የዚያ ዓይነት ስክሪን ውስጡ አየር የለውም፤ ሲሰበር ወደ ውስጥ ይሰምጥና መልሶ ይተፋል። ፍንዳታውን የሰማ መንገደኛ መሬት ተኛ፤ በዚያ ሰሞን ተኩስ ብርቅ አልነበረም። ወንድሜ ግን አልሰማም። በርጩማውን ከስብርባሪው መሐል ጎትቶ አወጣና በበርጩማው እግር ልጁን አፉ ላይ መታው፤ ደገመው። በወገቡ ይዤ ስጎትተው እኔንም በክርኑ ደረቴን አለኝ። የልጁ ሁለት ጥርሶች ከመስታወቱ ጋር አብረው ተጠረጉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ ከእናቴ አልጋ አጠገብ፣ ከጠመንጃው ሥር መቀመጥ ጀመረ። እናቴም ቁርሱን እዚያው ታቀርብለታለች። ያስፈራኝ ይኼ ነው፤ ስትሰድበው ሳይሆን ስትንከባከበው። ሰውየውን ገድሎ ወህኒ ይወርዳል። ሲወጣ የሰውየው ልጆች ይጠብቁታል። ከዚያ እሱ የሚወልደው ልጅ ይቀጥላል። እኔ ደግሞ ከል ለብሼ አረጃለሁ።

ፍላት ስክሪን ተውሼ አመጣሁለት። ትንሽ ሞክሮ ጆይስቲኩን ጣለው። "እታለም፣ እጄና ስክሪኑ አይገናኙም። እኔ ከመታሁ በኋላ ነው የሚመታው" አለኝ። አልዋሸም። የድሮ ጌም በአዲሱ ስክሪን ላይ ይዘገያል፤ ስክሪኑ ምስሉን ተቀብሎ ለራሱ እንዲመቸው እስኪያበጀው ድረስ ቡጢው ያልፋል። ሌላ ሰው ላይገነዘበው ይችላል። እሱ ግን ጣቱ የሰላ ነው። የሚበጀው ያው የድሮው ዓይነት ነበር፤ ያንን ደግሞ ሰው ሁሉ አውጥቶ ጥሎታል።

ሞጣ ውስጥ ሰርግ የሚቀርጽ አንድ ቪዲዮ ቤት ዕቃ እየለወጠ ነው፣ ምስል የሚያስተካክልበትን የድሮ ሞኒተር ይሸጣል የሚል ወሬ ሰማሁ። መንገዱ ተከፈተ ሲባል በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጉንደ ወይን ላይ አስወርደው ፈተሹን፣ እንደገና ተሳፈርን። ሞጣ ስደርስ ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ከገበያው በላይ፣ የሙሽራ ፎቶ የተለጠፈበት በር ነው።

ባለቤቱ ሸምገል ያለ፣ ቀጠን ያለ፣ የሚያስለው ሰው ነው። ሞኒተሩን ገልጦ አሳየኝ። ብረት ለበስ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ። "ይኼ ቴሌቪዥን አይደለም" አለኝ። "ቴሌቪዥን አሳምሮ ነው የሚያሳይሽ። ይኼ ያለውን ነው።" የአንዲት ሙሽራ ቪዲዮ ከፈተልኝ። እውነቱን ነው፤ ከፊቷ ዱቄት ሥር ያለውን የለቅሶ እብጠት ሁሉ አየሁት። ከኋላው ሳዞረው የለመድነው ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ መሰኪያ የለም። እንደ ቁልፍ ገፍተው የሚያዞሩት የብረት ራስ ነው ያለው።

"ጌም ልሰካበት ነው" ስለው አልሳቀብኝም። "ይሆናል እንጂ" አለና ጠረጴዛው ላይ ገመድ እየቆረጠ ያስረዳኝ ጀመር። ከጌሙ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ለየብቻ ይወጣሉ፣ ለየብቻ ይገባሉ። "ሦስቱ ቀለም ያመጣሉ። አራተኛው ግን ሲንክ ነው፤ ምስሉን ይዞ ያቆመዋል። እሱ ከሌለ ቀለሙ ሁሉ አለልሽ፣ ግን ሲሮጥ ይውላል።" ትምህርት ቤት ያነበብኩት ነገር ነው፤ እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ግን አልነበረም። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች የሉም። በቀሩት የገመዱን ራስ ቆንጠጥ ያደርግና በቀኙ ያዞረዋል። ፍጥነቱ ያስቀናል።

ምሳ ሰዓት ደረሰና ሽሮ አስመጣ። "አንድ ሳትቀምሺማ አትሄጅም" አለኝ። በእኛ አገር ደም ያለበት ቤተሰብ ልጅ እንጀራ ከመቁረሷ በፊት የማን ቤት እንደሆነ ትጠይቃለች። እናቴ ይህን ከውዳሴ ማርያም አስቀድማ ነው ያስተማረችኝ። ያን ቀን ግን ጠያቂው እሱ ሆነ። "አገርሽ ወዴት ነው፣ የማን ልጅ ነሽ?" አለኝ። የአባቴን ስም ነገርኩት። እንጀራውን እንደያዘ ቆመ። ድንጋይ የነከሰ መሰለኝ። ቆይቶ በቀኝ እጁ ትልቅ አድርጎ ጠቀለለና "ነፍሱን ይማረው። በይ እንኪ፣ ልጄ" ብሎ አጎረሰኝ።

ሞቷል አላልኩትም ነበር እኮ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚሉት የእኔ ነገር ነው። ዓይኔ ሞኒተሩ ላይ ነበር። እስክጠግብ በላሁ፣ አመሰገንኩ። የአራተኛው ገመድ ራስ ተበላሽቶበት "ሠርቼ በሹፌር እልክልሻለሁ" አለኝ። ሞኒተሩን ለሁለት ወዛደር አሸክሜ፣ ስልኩን ተቀብዬ፣ እየፈነደቅሁ ተመለስኩ።

ጌም ቤቱ ውስጥ ገጠምኩት። ሦስቱን ገመድ ሰክቼ ሳበራው ቀለሙ መጣ። አቤት ቀለም፤ ደሙ ደም ነው፣ ሰማዩ ሰማይ። ግን ሰውየው እንዳለው ይሮጣል። ምስሉ ወደ ላይ ይንከባለላል፣ መሐሉ ይሸነጠራል። ወንድሜ ድምፁን ሰምቶ መጣና በሩ ላይ ቆመ። "ሰውዬው ጠጥቷል እንዴ?" አለ፣ ስክሪኑ ላይ የተጣመመውን ተደባዳቢ እያየ። ሳቀ። ጥርሱን ካየሁት ስንት ጊዜዬ። አጠገቤ ቁጢጥ አለና "እታለም፣ ይስተካከላል?" አለኝ። "ገመዱ ይምጣ እንጂ" አልኩት። ዳንኩ ብዬ ነበር።

እናቴ በጆግ ውኃ ይዛልን ገባች። ወንድሜ "ማነው የሠራልሽ?" ሲለኝ እኔም በደስታዬ ስለ ሰውየው ሙያ ማውራት ጀመርኩ። "ሁለት ጣት የለውም፣ ግን ብታየው በቀሩት እንዴት አድርጎ..."

"የትኛው እጁ?" አለች እናቴ።

"ግራው።"

ጆጉ ከእጇ ወደቀ። ውኃው በእግሮቼ መሐል ፈሰሰ። አባቴ በማጭዱ ሳይመታ እንዳልሞተ እኛም እናውቃለን፤ በየለቅሶው የምትለው ነው። ምኑን እንዳገኘው ግን ለራሷ ይዛው ኖራለች። "ማጭዱ ያገኘው ግራ እጁን ነው። ፍርድ ቤት ቆሜ አይቼዋለሁ" አለች። ቀጥላ "በላሽ?" አለችኝ።

"በላሁ።"

"ከእጁ?"

"አጎረሰኝ" አልኩ። መዋሸት አልመጣልኝም።

ከሞኒተሩ አንዱን ገመድ ነቀለችና በዚያው ገረፈችኝ። ጫፉ ብረት ነው። ጀርባዬን፣ አንገቴን፣ ጆሮዬን። "አባትሽን በገደለ እጅ ጎረስሽ? በዚያ እጅ?" እያለች። በሦስተኛው ላይ ገመዱን ያዝኩትና ከእጇ ነጠቅሁት። "ግደይኝና ይውጣልሽ" አልኳት። "ሰው መሞት አለበት ካልሽ እኔን ግደይ፣ ልጅሽን ተይልኝ።" በሕይወቴ እናቴ ላይ የጮኽኩት ያን ቀን ነው።

ወንድሜ ወጣና ጠመንጃውን ይዞ ተመለሰ። ጥይቶቹን አንድ በአንድ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላቸው ጀመር። ሞኒተሩ ከኋላው ይንከባለላል። ያኔ ነው የገባኝ። እሱን ቤት ለማስቀመጥ ብዬ ያመጣሁት ዕቃ የገዳዩን በር ነገረው።

"ነገ ሞጣ ነኝ" አለ።

"ከእሱ ጋር እህል ቀምሻለሁ" አልኩት። "እህል የተቋደሰ አይገዳደልም። አንተም ታውቃለህ።"

"አንች ሴት ነሽ፣ እታለም። ያንች መብላት እኔን አያስረኝም።"

እናቴ ከበሩ ሆና "ተዋት ትጩህ" አለች። "ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል።"

ጓሮ ወጥቼ ጣቴን ጉሮሮዬ ውስጥ ከተትኩ። ምንም አልወጣም። ሽሮው ደሜ ሆኗል። ከዚያ ደወልኩለት። ሞጣ ላይ "እርስዎ" ያልኩትን ሰው "አንተ" አልኩት። "አንተ፣ ወንድሜ ይመጣብሃል። ጥፋ።" ሲያስለው ሰማሁ። "ገመዱን ሠርቼዋለሁ" አለኝ። "ሰማኸኝ?" ስለው "ሰምቼሻለሁ፣ ልጄ" አለ። "ልጄ አትበለኝ" ብዬ ዘጋሁት። የምጠላውን ሰው ለማዳን መለመኔ አንገበገበኝ። ግን ለእሱ አልነበረም።

በነጋታው ወንድሜ ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልሎ መናኸሪያ ሄደ። የሞጣው መኪና አልሞላ ብሎ ተመለሰ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ጌም ቤቱን ከፍቼ፣ እናቴ የነቀለችውን ገመድ መልሼ ሰክቼ፣ ሞኒተሩን አብርቼ፣ ምናልባት ዓይኑን ይይዘው እንደሆነ እያልኩ እነካካለሁ። አራተኛው ገመድ ከሌለ እንደማይቆም እያወቅሁ። ተስፋ ሲጠፋ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ወንድሜ ከጎኗ ቆሟል።

መንገዱ ጸጥ አለ። የባጃጅ ጡሩምባ እንኳ አልተሰማም። ቀና ስል ሰዉ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ቆሟል፤ በመሐል ሰውየው ይመጣል። ትልቅ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሟል፣ ጎብጧል፣ ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። በግራ እጁ፣ በቀሩት ጣቶች፣ የተጠቀለለ ገመድ ይዟል። ሽማግሌ የለ፣ ቄስ የለ። ብቻውን ነው። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እነሆ ደረሰ። ደጃፋችን ላይ ሲደርስ ተንበረከከና ግንባሩን መሬት አስነካ። "ስለ እግዚአብሔር" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ወንድሜ ጠመንጃውን ከጋቢው አውጥቶ አቀባበለ፤ ግን አላነጣጠረም። ነውር ነው። ድንጋይ በተሸከመ ሰው ላይ አይተኮስም። ድንጋዩም ባለደሙ "አውርድ" እስኪል ድረስ አይወርድም። "አውርድ" ከተባለ ደሙ ደረቀ፣ እርቅ ወረደ ማለት ነው። ሁላችንም የእናቴን አፍ ማየት ጀመርን። እናቴ ግን ዝም። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ያስላል፣ ድንጋዩ ማጅራቱ ላይ ይንቀጠቀጣል። እስኪደክመው፣ በራሱ እስኪጥለው ልትጠብቀው ነበር። ገባኝ፤ ለወንድሜም ገባው።

ያኔ ሰውየው ዓይኑን ቀና አደረገ። የሞኒተሩ ብርሃን ከኋላዬ ግድግዳው ላይ እየተሯሯጠ ነበር፤ ምስሉ ይንከባለላል፣ ይቀደዳል። አየው። እኔም እሱ ሲያይ አየሁት። ሙያ ያለው ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም፤ እኔ በራሴ አውቀዋለሁ። የተጣመመ ሲያይ እጁ ይሄድበታል። ድንጋዩን እንደ ሸክም ዕቃ ወደ ጎን አሳረፈው። በጉልበቱ እየዳኸ በእናቴ አጠገብ አልፎ ገባ፣ ከሞኒተሩ ጀርባ ጎነበሰ፣ ገመዱን በጌሙ በኩል ሰካ፤ ሌላውን ጫፍ በሞኒተሩ በኩል ገፋ አድርጎ አዞረ።

ምስሉ ቆመ። ቀጥ አለ። ሁለቱ ተደባዳቢዎች ፊት ለፊት ቆመው፣ ቡጢ ጨብጠው፣ የሚያዛቸውን ይጠብቃሉ።

"ቆመ" አለኝ፣ ወደ እኔ ዞሮ። እኔም "ቆመ" ልለው አፌን ከፍቼ ነበር።

"ድንጋዩን ማን አውርድ አለህ?" አለ ወንድሜ።

ሰውየው ያን ጊዜ ነው የነቃው። ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ድንጋዩ አየ፤ እጁን ዘረጋ፤ ድንጋዩ ግን ደጅ ነው። ወንድሜ አነጣጠረ። እኔ ተወረወርኩ። ተኩሱ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጆሮዬን ደፈነው። ሞኒተሩ ፈነዳ። መስታወቱ ሰውየው ፊት ላይ ተረጨ፤ ግንባሩ ተተርትሮ ደሙ ዓይኑን ሞላው፣ በጢሙ ወርዶ ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። አፈሙዙን እኔ ገፍቼው ይሁን እሱ ራሱ አዙሮት እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠይቄው አያውቅም፤ እሱም አልነገረኝም።

ወንድሜ እንደገና አቀባበለ። ዓይኑን ከሰውየው ሳይነቅል "እማዬ፣ ልድገም?" አለ። ድምፁ የሕፃን ነበር።

እናቴ ተነሣች። እልል ትላለች ብዬ ጆሮዬን ልይዝ ነበር። ስብርባሪውን በፕላስቲክ ጫማዋ እየረገጠች ገብታ ሰውየው ራስጌ ቆመች። ደሙ ወለሉ ላይ ሲወርድ አየችው። ብዙ አየችው። ከዚያ ጥቁር ነጠላዋን ከራሷ ሳበችና አጣጥፋ ግንባሩ ላይ ጫነችው። ፀጉሯ ተገለጠ፤ አንድም ጥቁር የለበት። ወንድሜ የእናቱ ፀጉር መሸበቱን ያን ቀን ነው ያየው። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ማልቀስ ጀመረ።

"ይቅር አላልኩህም" አለችው እናቴ፣ ነጠላውን እየጫነች። "ደም ግን ፈስሷል። ይበቃል። ተነሥ።"

ሽማግሌዎቹ ቆይተው መጡ፤ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው፣ ከሞጣም አንድ ሼህ አብረዋቸው። ወጉ ሁሉ ተፈጸመ። ነጠላውን እናቴ አጥባ አስቀመጠችው፤ ተመልሳ አልለበሰችውም። ድንጋዩ ደጃፋችን እንደተቀመጠ ነው፤ ጎረምሶቹ ተራ ሲጠብቁ ይቀመጡበታል። የሞኒተሩን የብረት ሣጥን መጣል ስላልሆነልኝ ጥግ አስቀምጬዋለሁ።

አሁን በፍላት ስክሪን ነው የምናጫውተው። ወንድሜ ከጠዋት ጀምሮ ይቀመጣል፤ ይሸነፋል፤ ይበሳጫል። ሰሞኑንም ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ ጥሎ "እታለም፣ ይኼ ነገር ከእጄ ይዘገያል" አለኝ።

"ይዘግይ" አልኩት።

"እንዴት ይዘግይ? እኔ እኮ መትቼዋለሁ።"

"ይዘግይ" አልኩት።